ሰው የማይደርስበት ሐይቅ ዳር

ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከስዊድን

ለማከብርዎት አጎቴ ለጋሽ ገብረአምላክ፤ ኮልፌ

ጋሼ፣ ክረምቱ እንዴት ገባልዎት? ጉልበትዎስ በብርዱ አልተነሳብዎትም? እትዬ ሰብሌ ደኅና ናቸው? እኔና ልጄ ሜሪ እርስዎ በመረቁን ምርቃት ደኅና ነን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስገርምዎት አይቀርም። ስልኬ ተበላሽቷል። እርስዎም ለጊዜው አይደውሉልኝ። መልስ ሲጽፉ በፖስታው ጀርባ ባለው በብሪታ አድራሻ ይላኩልኝ። ብሪታ በአረጋውያን መጦሪያው አብራኝ የምትሠራ ሴት ናት፤ ታቀብለኛለች።

ይህን የምጽፍልዎት ድንኳን ውስጥ ሆኜ ነው። ዕረፍት ወስጄ ከሜሪ ጋር ጫካ ገብተናል። እዚህ አገር ባልታጠረ ጫካ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ድንኳን ተክሎ ማደር የተፈቀደ ነው፤ ማንም መጥቶ ምን ትሠራላችሁ አይልም። እኛ በየሁለት ቀኑ ከሐይቁ አንደኛው ዳር ወደ ሌላው እንዛወራለን። ሐይቁ ብሮትሾ ይባላል፤ መሐሉ ላይ ሁለት ደሴቶች አሉት። ቦታ ስመርጥ ከመኪና መንገድ የአንድ ሰዓት እግር መንገድ የራቀ፣ የሚጠጣ ውኃ ያለው፣ ከጀርባው ውኃ ወይም ገደል ሆኖ በአንድ በኩል ብቻ የሚያስገባ እፈልጋለሁ። ደግሞ ሳጥኖች በአቅራቢያው መኖር አለባቸው።

ሳጥኖቹ የሜሪ ጨዋታ ናቸው። ጂኦካሺንግ ይሉታል። ሰዎች ትንንሽ ሳጥን ከድንጋይ ሥር ወይም ከግንድ ውስጥ ይደብቁና የቦታውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጡታል። ሌላው ሰው በጂፒኤስ እየተመራ ይፈልጋል። ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ደብተር አለ፤ ያገኘው ሰው ስሙንና ቀኑን ይጽፍና እንደነበረ መልሶ ይደብቀዋል። አንድ የመጦሪያችን ሽማግሌ አሮጌ ጂፒኤሳቸውን ሰጡኝ። ቦታ ከማሳየት በቀር አይደውልም፣ አይደወልበትም። በጣም ወድጄዋለሁ። ሜሪ በሰሜኑ ዳር ከወደቀ ነጭ ዛፍ ሥር ያለውን ሳጥን ለራሷ አድርጋዋለች፤ በየቀኑ ሄዳ ካላየችው አይሆንላትም። እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ ከዚህ አንርቅም።

ጋሼ፣ እርስዎ ዘንድ የተውኩት ሻንጣ ውስጥ የልደት ምስክር ወረቀቴና የጋብቻ ወረቀታችን አሉ። ይላኩልኝ። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ። ሰው ቢጠይቅዎት ደኅና ናት ይበሉ፤ ይበቃል።

እጅ ነሥቻለሁ።
ልጅዎ ናዝራዊት


ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኮልፌ

ለልጄ ለናዝራዊት

የአባትሽ አምላክ ካንቺና ከልጅሽ አይለይ። እኛ ደኅና ነን፤ ጉልበቴም እንደ ዕድሜው ነው። ከአጠና ተራ ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው መንገድ ለቱቦ ተቆፍሮ ዝናብ ስለገባበት፣ ደብዳቤሽን ከፖስታ ቤት ያመጣሁት እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ እየረገጥኩ ነው። አራት ጊዜ አነበብኩት። ሰብሌ አንድ ጊዜ አነበበችና አጥፋ መለሰችልኝ። ምነው ብላት ምንም አለችኝ።

እኔ አናጢ ነኝ፤ ጫካ የማውቀው በሚሰጠው ጣውላ ነው። ቤት ያላት ሴት ልጇን ይዛ ከዛፍ ሥር ማደሯ አልገባኝም። የተደበቀ ሳጥን ፈልጎ አግኝቶ፣ ምንም ሳይወስዱ መልሶ መደበቁም እንዲሁ። ግን ልጅቱ ከተደሰተች ጥሩ ነው።

አሁን የምነግርሽን በትዕግሥት አንብቢ። ባለፈው ቅዳሜ የባልሽ የመኳንንት ታላቅ ወንድም ቃለጽድቅ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ከአስኮ መጣ። አመጣጣቸው በአክብሮት ነው፤ ሳይቀመጡ ጉልበቴን ሊስሙ ነበር። ናዝራዊት ትንሽ ቅያሜ ይዛ ልጁን ይዛበት ወጣች፣ ስልክ አታነሳም፣ መኳንንት እህል አልቀምስ ብሏል አሉኝ። ሰው ተጨንቆ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም፤ ታውቂኛለሽ። ደብዳቤሽ ኪሴ ነበር። ደኅንነትሽን በገዛ ቃልሽ እንዲሰሙ ብዬ የሐይቁንና የሳጥኑን ነገር አነበብኩላቸው። ቃለጽድቅ ደስ ብሎት በስልኩ ፎቶ አነሳው። ለወንድሜ ልላክለት፣ ልቡ ይረፍ አለኝ።

ልጄ፣ ሽማግሌ ሆኜ የዳርኩሽ እኔ ነኝ። እግርና እግርም ይጋጫል። የሆድሽን ለእኔ ንገሪኝና አስታርቃችኋለሁ። የጋብቻ ወረቀቱን ለምን እንደፈለግሽው ሳላውቅ መላክ ከበደኝ። ጻፊልኝና እልካለሁ።

አጎትሽ ገብረአምላክ


ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ ይቅር ይበሉኝ።

ሐምሌ 3 ቀን ሐሙስ ከምሳ በኋላ ወደ ወደቀው ዛፍ ሄድን። ሜሪ ቀድማኝ ሮጣ ሳጥኑን አወጣች። ደብተሩን ገልጣ ስሟን ልትጽፍ ስትል ቆመች።

«እማዬ፣ አማርኛ ተጽፎበታል» አለችኝ።

ፊደል እያስተማርኳት ስለሆነ በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበችው። «ሜሪዬ፣ አባባ መጥቷል። ለእማማ እንዳትነግሪ። ነገም እመጣለሁ፣ እዚሁ ጠብቂኝ።» ከሥሩ ያለው ቀን የትናንቱ ነበር። ነገ ያለው ያንኑ ዕለት ነው ማለት ነው።

ወረቀቱን ገንጥዬ ኪሴ ከተትኩት። ልጄን በእጇ ይዤ በመጣንበት ሳይሆን በረግረጉ በኩል ተመለስኩ። ድንኳናችን የምትታይበት ጉብታ ላይ ስንደርስ በደረታችን ተኛን። ሁለት ሰዓት ያህል አየሁ። ቅጠል በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሜሪ አፏን በእጇ ትይዛለች። እኔ አላዘዝኳትም፤ እቤት ተምራው የመጣችው ነው። በዚህ ወር እዚህ አገር ጨለማ የሚባል ነገር ስለሌለ እስኪመሽ ልጠብቅ ማለት አይቻልም። በመጨረሻ ወርጄ ድንኳኑን እንደ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ተሸከምኩትና በሌላው አቅጣጫ አራት ሰዓት ተጉዘን አውቶቡስ መንገድ ደረስን።

እንዴት እንዳገኘን ሳሰላስል ሰነበትኩ። ትናንት ብሪታ ደብዳቤዎን ስትሰጠኝ ገባኝ።

ጋሼ፣ ልወቅስዎት አይደለም። ያልነገርኩዎት እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ሁለት ጣቶቼ በጀሶ ታስረው ያዩትን ፎቶ ያስታውሳሉ። መሳቢያ ያዘኝ ብዬዎት ነበር። መሳቢያ አይደለም፤ በር ነው። በሩን የዘጋው እሱ ነው፣ እጄ መሐሉ እንዳለ እያየ። ሌላውን አልጽፍልዎትም። በግንቦት ሜሪን ገፍትሮ ከግድግዳ ሲያጋጫት ነው የወጣሁት። ለፖሊስ ብትናገሪ የሕፃናት ጉዳይ ሰዎች ልጅሽን ይወስዱብሻል ይለኝ ነበር። አሁን ደግሞ ልጅ ይዤ ጫካ የማድር ሴት ሆኛለሁ፤ ማን ያምነኛል?

ስልክ የማልደውለው ስለምፈራ ነው። ሥራው ስልክ መጠገን ነው። የዋልኩበትን ሁሉ ከስልኬ ላይ እያነበበ ማታ ይነግረኝ ነበር። እርስዎ የያዙትን ስልክም የላከልዎት እሱ ነው። ምን እንዳለበት አላውቅም።

ከእንግዲህ ወደ ብሪታ ቤት አይጻፉ። ከዚህ ሥር ያለው አድራሻ እህቷ የምትሠራበት ዳቦ ቤት ነው፤ እኛ ያለነው እዚያ አይደለም። ወረቀቶቹን ይላኩልኝ። እባክዎን ለማንም አያንብቡ።

ናዝራዊት


ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኮልፌ

ልጄ ናዝራዊት፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። እግዚአብሔር ሜሪን ስላተረፈልን ይመስገን። ለጥፋቴ የማቀርበው ምክንያት የለኝም፤ ልፈልግለትም አልሞክርም።

ለሰብሌ አነበብኩላት። ያን ጊዜ ፎቶውን ስታይ ሁለት ጣት በመሳቢያ አይሰበርም ብላኝ ነበር። ሰው ቤት ነገር አትፈልጊ ብዬ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። አሁን ነግሬህ ነበር ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም።

«አሁን ምን እናድርግ?» ነው ያለችኝ።

ወረቀቶቹን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ስልኩን ልሰብረው ተነስቼ ነበር፤ ሰብሌ ከለከለችኝ። ድንገት ከጠፋ የጻፍሽልን መሆኑን ያውቃሉ አለች። እውነቷን ነው። ሳሎን ጠረጴዛው ላይ እንደነበረ ተቀምጧል። እሱ ፊት ስምሽን አንጠራም። ስለ ዝናብና ስለ ሽንኩርት ብቻ እናወራለን። መነጋገር ስንፈልግ ወደ ሥራ ቤቴ ሄደን መላጊያውን እያስኬድኩ ነው የምንነጋገረው። በስድሳ አራት ዓመቴ በገዛ ቤቴ መናገር ፈራሁ። አንቺ ስንት ዓመት እንደዚህ እንደኖርሽ ሳስበው እንቅልፌ ይሄዳል።

ቃለጽድቅ ማክሰኞ ብቻውን መጣ። በዚህኛው ጊዜ ጉልበት ልሳም አላለም። ልጅቷ ቦታ ቀይራለች፣ አዲስ ደብዳቤ መጥቷል ወይ አለኝ። አልመጣም አልኩት። ደብዳቤሽ ከጣውላው ሥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቀን መኪናውን ከሥራ ቤቴ ፊት ለፊት አቁሞ ሲቀመጥ አየሁት። የፖስታ ሳጥኔን ቁጥር ከጎረቤት ጠይቋል። ስለዚህ አሁን ፖስታ ቤት የምትሄድልኝ የጎረቤታችን ልጅ ትሕትና ናት። ቤቴል የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ አፏ የታሰረ ልጅ ናት።

ምን ላድርግልሽ? እዘዢኝ።

ገብረአምላክ


ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ወረቀቶቹ ደርሰውኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ ሰብሌን እጃቸውን ይሳሙልኝ።

አሁን ብርድ ጀምሯል። ሜሪ ጠዋት ጠዋት ታስላለች። አራተኛ ቦታችን ላይ ነን። ይህኛው ከሁሉም ይሻላል፤ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ከመድረሱ በፊት የጠጠሩ ድምፅ ይሰማል። ሳጥን ግን ከእንግዲህ አንከፍትም። ሜሪ ለምን ስትለኝ ሰዎቹ ለክረምት ሰብስበዋቸዋል አልኳት። አላመነችኝም። ስናልፍ ያለበትን ድንጋይ ታየውና ፊቷን ታዞራለች። ትጫወተው የነበረውን ብቸኛ ጨዋታ ነው አባቷ የወሰደባት።

ብሪታ እየጎተተች ወደ አንዲት የሕግ ሴት ወሰደችኝ። የፍቺውና ወደ እኛ እንዳይቀርብ የሚጠይቀው ማመልከቻ እንዲቀጥል የሜሪ ፓስፖርትና የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልጋሉ። ሁለቱም እቤት ናቸው። ፖሊስ አብሮሽ ይገባል አለችኝ። እኔ ግን እሱ ካለ አልገባም። ፖሊስ በመሐላችን ቢቆምም ዓይኑን አይቼ የምናገረው ይጠፋኛል፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ሱቁ ደግሞ ከቤታችን ሥር ነው። ከዚያ ከተማ ንቅንቅ አይልም። ንቅንቅ ያለው እኛን ፍለጋ ብሮትሾ የመጣ ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ቀን እንኳ ቢርቅልኝ እላለሁ። ይጸልዩልኝ።

ናዝራዊት


ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኮልፌ

ልጄ ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አንብቢውና አቃጥይው።

ንቅንቅ ያለው ያን ጊዜ ብቻ ነው ያልሽውን ሳነብ አንድ ነገር ታየኝ። እኔ ባነበብኩ በአራተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ደርሷል። እንግዲያው እኔ ባነብለት ይሄዳል። እኔ የማነበውን ደግሞ ያምናል፣ ዋሽቼ አላውቅምና።

ከአየር ጤና ታክሲ እየያዝኩ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቴል ተመላለስኩ። ትሕትና ደንበኛ በሌለበት ሰዓት የዚያን የጨዋታ ገጽ ከፈተችልኝ። የስዊድን ካርታ ላይ አረንጓዴ ነጥቦች እንደ ጤፍ ፈሰዋል። እያንዳንዱ ነጥብ የተደበቀ ሳጥን ነው። ከደቡቡ ጫፍ ጀመርን፤ ከመኳንንት ከተማ ዘጠኝ ሰዓት ከሚያስነዳው። መጀመሪያ አንድ ያማረ ሐይቅ አግኝቼ ይሁን አልኩ። ትሕትና አየችውና መንገዱ አጠገቡ ነው፣ ናዝራዊት እዚህ አታድርም፣ አያምኑም አለችኝ። ልክ ነበረች። ስለዚህ የመጀመሪያውን ደብዳቤሽን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁትና አንቺ እንደምትመርጪው መምረጥ ጀመርኩ። ከመንገድ የራቀ። የሚጠጣ ውኃ። ከጀርባው ገደል። አንድ መግቢያ። ሳጥን በአቅራቢያው።

እዚያ ያደሩ ሰዎች የጻፉትን ማሽኑ ወደ አማርኛ እየመለሰ ሰጠን። ጸጥ ያለ ነው፣ በሦስት ቀን አንድ ሰው አላየንም፣ ይላሉ። እነሱ ደስ ብሏቸው ነው የጻፉት። እኔ ግን ጣቴን ካርታው ላይ እያስኬድኩ ሳለ አለቀስኩ። አንዲት እናት ልጇን ለማስተኛት ሰው የማይደርስበትን ስትፈልግ ምን ምን እንደምትመዝን ያኔ ነው የገባኝ። በሦስተኛው ቀን አገኘነው።

አሁን ስሚኝ። ትሕትና በእጅ ጽሑፍሽ አስመስላ የውሸት ደብዳቤ ጽፋለች። እዚያ ሐይቅ ነን፣ ማክሰኞ መስከረም 20 ግን ከዚያ እንነሳለን ይላል። ቃለጽድቅ በመስቀል ዕለት እንኳን አደረሰዎ ሊለኝ መምጣቱ አይቀርም፤ ቅዳሜ መስከረም 17 ነው። ያን ጊዜ አነብለታለሁ። መኳንንት እሑድ ይነሳል። ሰኞ መስከረም 19 ቤቱ ባዶ ነው።

ከፖሊስ ጋር ሰኞ ግቢ። ሌላ ቀን አትግቢ። ይህ ደብዳቤ በጊዜ ይደርስ አይደርስ አላውቅም፤ ባይደርስሽም የሚንከራተተው እሱ ነውና አንቺን አይጎዳሽም። ደርሶሽ ልብሽ እንቢ ካለሽ ደግሞ አትሂጂ። አንዴ በእኔ ምክንያት ልትያዢ ነበር፤ ሁለተኛ እመኚኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ገብረአምላክ


መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኮልፌ

ልጄ፣

መጣ። በመስቀል ዕለት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ። ሰብሌ ምሳ አቀረበችለት። እሱ ሲበላ እኔ ጉርሻ እየጠቀለልኩ መልሼ አስቀምጥ ነበር። ደብዳቤ መጣ ወይ አለኝ። ይህን ነገር እንድትታረቁ ብዬ ነው የማነብልህ፣ ለክፉ እንዳታደርገው አልኩት። ለዕርቅ ነው አለኝ። ሁለታችንም መስቀል አንገታችን ላይ አድርገን ነው የተዋሻሸነው።

ሳነብ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምነው ጋሽ ገብረአምላክ አለኝ። እርጅና ነው አልኩት። ፎቶ አነሳውና ቡናውን ሳይጠጣ ወጣ።

ይኸው ሰኞም አለፈ። እዚያ ምን እንደሆነ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ደብዳቤዬ ደርሶሽ ነበር? ደርሶሽ ሄድሽ? እሱስ ሄደ ወይስ ቀረ? ቀርቶ ከሆነና አንቺ በእኔ ቃል ተማምነሽ ከገባሽ ምን ይውጠኛል? ሰብሌ ጣውላ አበላሸህ ትለኛለች። ሁለት በር ቆርጬ ሁለቱንም አሳጥሬያቸዋለሁ።

ገብረአምላክ


ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኮልፌ

ልጄ፣

እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። ትሕትና በየቀኑ ፖስታ ቤት ትሄዳለች።

ቃለጽድቅ ትናንት መጣ። በሩን አላንኳኳም፤ ቀና ስል ሥራ ቤቴ ውስጥ ቆሟል።

«ወንድሜ ዘጠኝ ሰዓት ነድቶ ባዶ ሐይቅ ነው ያገኘው» አለኝ።

እኔ የመጣልኝን ነው ያነበብኩት አልኩት። ብዙ አየኝ።

«እርስዎ ዋሽተው አያውቁም» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

መጋዙን ከጠረጴዛው አንስቶ ጥርሱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያም ወጣ። እሱ ከሄደ በኋላ መጋዝ ብናኙ ላይ ተቀመጥኩ።

እዚያ እንዳላገኘሽ አወቅኩ። ሲመለስ እቤት አግኝቶሽ እንደሆነ ግን አላወቅኩም። አንድ መስመር ጻፊልኝ። ባዶ ወረቀትም ቢሆን ላኪልኝ።

ገብረአምላክ


ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እትዬ ሰብሌ፣

በሕይወት አለን። ሜሪም አለች። ቶሎ ያልጻፍኩት እስከ ትናንት ድረስ ለማንም እንዳልጽፍ ፖሊሶቹ ስለከለከሉኝ ነው።

ደብዳቤዎ ዳቦ ቤቱ የደረሰው ዓርብ መስከረም 16 ነው። ያን ቀን ወደ ከተማዋ ልወርድ አልነበረም። የሜሪ ሳል ስለበዛ መድኃኒት ልገዛላት ወረድኩ፤ የብሪታ እህት በመስኮት አይታ ጠራችኝ። እዚያው ዱቄቱ መሐል ቆሜ አነበብኩት። እውነቱን ልንገርዎት፤ መጀመሪያ አላመንኩዎትም። ቃለጽድቅ አስገድዶ ያስጻፈዎት መሰለኝ። ቅዳሜና እሑድ ልሂድ ልቅር ስል ዋልኩ። ቁርጥ ያደረግኩት አለቀስኩ ያሉበትን ቦታ ደግሜ ሳነብ ነው። ያን ማንም አያስጽፍም።

ሰኞ በአራት ሰዓት ከአንዲት ፖሊስና ከብሪታ ጋር ሄድኩ። ሱቁ ተዘግቷል። ደረጃው መሐል ላይ ስቆም ብሪታ ከኋላ ደግፋ አወጣችኝ። ቁልፉ ሲዞር ከውስጥ ሳል የሰማሁ መሰለኝ፤ የጎረቤት ነበር። ቤቱ ባዶ ነው።

ጋሼ፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ተዘርግቷል። ስማችንን የፈረምንባቸው ሳጥኖች ሁሉ በቀይ ተከበዋል፤ ሜሪ አምስት ዓመት ሳይሞላት ከእሱ ጋር ሄደን ያገኘነው ሳይቀር። ቀን ተጽፎባቸዋል። ሌሎች ፈላጊዎች ኢንተርኔት ላይ ካወጡት የደብተር ፎቶ ለቅሞት ሳይሆን አይቀርም። ከእያንዳንዱ ሐይቅ ወደሚቀጥለው መስመር ተሰምሯል። ዳቦ ቤቱ ያለባት ከተማ ላይ ደግሞ የጥያቄ ምልክት ነበር። ሁለት ሳምንት ቢያገኝ ይደርስብን ነበር።

ፖሊሷ ካርታውን አጥፋ ያዘችው። ፓስፖርቱንና የመኖሪያ ፈቃዴን በጫማ ካርቶን ውስጥ አገኘኋቸው። ከወጣሁ በኋላ የሜሪን ብርድ ልብስ እንደረሳሁ አስታወስኩ፤ አልተመለስኩም።

ካርታውና ከደብተሩ የገነጠልኩት ወረቀት ዳኛዋ ፊት ቀረቡ። አስተርጓሚው ለእማማ እንዳትነግሪ የሚለው ጋ ሲደርስ ቆም አለና ውኃ ጠጣ። ወደ እኛ እንዳይቀርብ ታዟል። እሱ ልጅሽን ይወስዱብሻል ከሚለኝ የሕፃናት ጉዳይ ሰዎች አንዷ ከሜሪ ጋር ተቀምጣ ሳጥን እንዴት እንደሚደበቅ ስትጠይቃት ዋለች። አሁን ጣሪያ ያለው ቤት ነን። እኔ ግን ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምተኛው። መኪና በር ሲዘጋ ሜሪ አፏን ትይዛለች።

የመስቀሉን ደብዳቤዎን ዛሬ ሰጡኝ። ስለ እኔ ብለው ያደረጉትን እግዚአብሔር ይቁጠርልዎት።

አንድ ነገር ልለምንዎት ነው፣ እንዳይቀየሙኝ። የት እንዳለን አልነግርዎትም። ይቅር ብዬዎታለሁ፤ አሁንም አባቴ ነዎት። ግን አልነግርዎትም። መልስ ሲጽፉ በሕግ ሴትየዋ በኩል ያድርጉት።

ልጅዎ ናዝራዊት


ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኮልፌ

ልጄ ናዝራዊት፣

ደብዳቤሽን ትሕትና እየሮጠች ነው ያመጣችልኝ። ሰብሌ ጮክ ብላ አነበበችው፤ መላጊያውን ሳላስኬድ። ስልኩን ዋና መንገድ ድረስ ወስጄ ለጠጋኝ ሰጠሁትና ለዕቃ ፈታው። ቤታችን ውስጥ ስምሽን ጠራን። ሰብሌ ሦስት ጊዜ ጠራችው።

አትንገሪኝ። አልተቀየምኩም። ትክክል ነሽ። ሽማግሌ ተብዬ ስንት ቤት ገብቼ እንደነበር ሳስብ ሰነበትኩ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ዘርዓብሩክ ለልጁ ሚስት ልንጠይቅ ነውና ሂድልን አለኝ። ልጅቷን ለብቻዋ ሳላነጋግር አልሄድም አልኩት። ቅር አላቸውና ሌላ ሰው ላኩ። እኔም እቤቴ ቀረሁ።

ቃለጽድቅ አልተወኝም። ትናንት ከፊሊጶስ ቅዳሴ ስወጣ በር ላይ ጠበቀኝ። ሰው እየሰማ ክንዴን ያዘኝና ናዝራዊት የት ናት አለኝ። ፈርቻለሁ፣ አልደብቅሽም። ክንዴን ሳላስለቅቅ ዓይን ዓይኑን አየሁትና አላውቅም አልኩት።

በዚህኛው ጊዜ አልዋሸሁትም።

አጎትሽ ገብረአምላክ